ያልበላ ይናገር

የልጅ ልጄ ኢብቲሳም መርሳ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ማመልከቻ ትጽፋለች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና እግሩ የተጠገነ ወንበር አላት። ከሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ሁሉ ሰው ይመጣባታል። ድንበሩ የተገፋ ይመጣል፣ ሽንኩርቱ ከማሳው ላይ የተነቀለበት ይመጣል፣ ባሏ ቀለብ የከለከላት ትመጣለች። እነሱ ቆመው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ቤት ስትገባ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እማማ፣ ዛሬም ሌባ ስጽፍ ዋልኩ» ትለኛለች።

እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ጅዳ ሄዳ እዚያው ስለቀረች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩትም ከእሷ ጋር ነው። እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር። የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ «ሀ፣ ሁ» ስትል አብሬ «ሀ፣ ሁ» እላለሁ። እሷ ወደ ሁለተኛ ክፍል ስታልፍ እኔም ያለፍኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ አነባለሁ፤ የስኳር ከረጢት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የአውቶቡስ ግንባር። በልብ ማንበብ ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ካልጠራሁት ቃሉ አይገባኝም።

«እማማ፣ ለጎረቤት ነው እንዴ የሚያነቡት?» እያለች ኢብቲሳም ትስቅብኛለች።

እሷ ከማመልከቻው ሌላ የራሷ ጽሑፍ አላት። የወንጀል ታሪክ ትጽፋለች። ፍቅር እያለ፣ ተረት እያለ ለምን ወንጀል እንደመረጠች ጠይቄያት ነበር።

«ማመልከቻ ላይ ሌባው ገና ሲጀመር ይታወቃል» አለችኝ። «ስሙ ከላይ ይጻፋል፣ አለቀ። ምኑ ይጥማል? እኔ ሌባው መጨረሻ ላይ እንዲወጣ ነው የምፈልገው።»

ስትጽፍ አያታለሁ። ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ሻይዋ ይቀዘቅዛል፣ ስጠራት አትሰማም። ጽፋ የጨረሰችውን መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። ወደ ደሴም ወደ ወልድያም ብዙ ጊዜ ልካለች። አንዳንዱ መልስ አልመጣለትም፤ የመጣለትም «ጥሩ ነው፣ ግን» የሚል ነበር። እሷ «ግን» የምትለዋን ቃል እንዴት እንደምትጠላት የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ወልድያ ያሉ ጸሐፊዎች የሰሜን ወሎ ልጆችን ታሪክ ሰብስበው መጽሐፍ ሊያሳትሙ ተነሡ። አስተባባሪው ልዑል የሚባል መምህር ነው። ኢብቲሳም አዲሱን ታሪኳን ላከች። ልዑል ራሱ ደወለላት። ታሪኩ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ እንደሚገባና ከመታተሙ በፊት ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ራሷ እንደምታነበው ነገራት። «ግን» አላለም። ስልኩን ዘግታ እጄን ሳመችኝ። ከዚያ ወጥታ ለጎረቤት ሁሉ ብርቱካን አደለች።

የታሪኩ ስም «ያልበላ ይናገር» ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድሃ ገበሬ እናቱ ትሞትበታለች። ሰደቃ ማውጣት አለበት፤ የሚያርደው ከብት ግን የለውም። የጎረቤቱን ዳለቻ በሬ ሰርቆ፣ ጎህ ሳይቀድ አርዶ፣ ሥጋውን በድስት አድርጎ ይጠብቃል። ለጠየቀው ሁሉ «ከሐራ ገበያ የገዛሁት ነው» ይላል። አገር ሙሉ ይጠራል። የበሬው ባለቤት ራሱ ተጠርቶ ይመጣና የገዛ በሬውን በልቶ፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አድርጎ ይሄዳል።

በኋላ ጥርጣሬ ይነሳል። ማስረጃው ግን በሰው ሁሉ ሆድ ገብቷል። የሚናገርም የለም፤ የሰው ሰደቃ በልቶ «አሚን» ያለ ሰው ተመልሶ የዚያን ቤት ነውር ሲያወራ በእኛ ዘንድ ከነውሩ ይከፋል። ሽማግሌው ብዙ ካሰበ በኋላ «እንግዲያው ያልበላ ይናገር» ይላል። ያልበሉት የክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። የእኛን እርድ እነሱ አይበሉም፣ የእነሱን እኛ አንበላም፤ ድግስ ሲኖር ተለይቶ ይሠራላቸውና ጎን ለጎን ተቀምጠን እንበላለን። ከእነሱ መካከል አንድ ቆዳ ነጋዴ ይነሳል። ከየድግሱ ቆዳ የሚገዛው እሱ ነው። ከዚህ ድግስ ግን ቆዳ ሲጠይቅ «ውሻ በላው» ተብሏል። የበሬ ቆዳ ሙሉውን የሚበላ ውሻ አያውቅም። በመጨረሻ ፖሊስ ቆዳውን ከበረቱ ፋንድያ ሥር ቆፍሮ ያወጣል፣ ባለቤቱ ይከሳል፣ ሌባው ይታሰራል።

እኔ ይሄን ሳነብ ግቢ ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ብርሃኑ ማሩ ይሠራል። ባትላሜራ ነው፤ በደሴና በወልድያ መንገድ ላይ የተጋጨ መኪና ይመጣለትና የተጨፈለቀውን ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ያቃናል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይቆም ጆሯችን ለምዶታል። ሲያቆም ነው የሚሰማን።

ሽማግሌው «ያልበላ ይናገር» የሚለው ቦታ ስደርስ መዶሻው ቆመ። እኔ ቀጠልኩ። ቆዳ ነጋዴው ተነሳ። «ውሻ በላው» የሚለውን ሳነብ ብርሃኑ ጭንቅላቱን በአጥሩ ላይ ብቅ አደረገ።

«እመት ዘይነባ፣ ማነው ይሄን የነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ኢብቲሳም የጻፈችው ነው።»

«እሷስ ከየት ሰማችው?»

«ከራሷ ነዋ! ከጭንቅላቷ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወውና መዶሻውን እንደያዘ ዞሮ በበራችን ገባ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

«እስኪ ቆዳ ነጋዴው ያለውን ይድገሙልኝ።»

ደገምኩለት። ጭንቅላቱን ወዘወዘ።

«ይሄ ማሩ ነው። አባቴ። ውርጌሳ፣ ከመንገዱ በላይ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሽሮ እበላ ነበር። የሥጋው ሽታ ሲመጣብኝ ‹አባዬ፣ እኛስ?› ስለው በክርኑ ጎሸም አድርጎኛል። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።»

«ሽማግሌውስ እንዲህ ብሏል?»

«አበጋሩ ነው ያለው፣ የአገሩ አስታራቂ፣ ዋርካው ሥር። ‹ያልበላ ይናገር› ብሎ። የበላው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ተነሳ።»

እኔ የሐራ ሰው ነኝ፤ መርሳ የመጣሁት በኋላ ነው። የውርጌሳን የድሮ ነገር አላውቅም። «ሌባውስ?» አልኩት። ብርሃኑ መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዓሪፍ ይባላል። ሞቷል። ልጁ ግን አለ። አብዱልሐሊም ደላላው።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። አብዱልሐሊም ዓሪፍን መርሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። የከብት ገበያ ደላላ ነው። ሰው ደላላን ያማል፤ አብዱልሐሊምን ግን ሲያማ ሰምቼ አላውቅም።

ኢብቲሳም ከሥራ ስትመጣ ብርሃኑ አልሄደም ነበር። እኔ መናገር አቅቶኝ እሱ ነገራት። ቆማ ሰማችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ወላሂ ከማንም አልሰማሁም» አለች። «የሰው ሰደቃ ላይ ተቀምጬ፣ የቤቱ ጌታ ሥጋ እየጨመረልኝ ሳለ ነው የመጣልኝ። ‹ይሄ ሥጋ የሰው በሬ ቢሆንስ?› አልኩ። እዚያው።»

«አልሰረቅሽም፣ እህቴ። እኔ የምልሽ ካንቺ በፊት ዓሪፍ አስቦታል ነው። እሱ አልጻፈውም፤ አረደው።»

«ሌላ ጸሐፊ ቀድሞኝ ቢሆን እኮ ይሻለኝ ነበር፣ ጋሼ ብርሃኑ! ተናድጄ እተወዋለሁ። እኔ የተቀደምኩት በሌባ ነው!»

ብርሃኑ ሳቁ መጣበት፤ ፊቷን አይቶ ዋጠው።

ከዚያ ታሪኩን ልታድነው ሞከረች። ቦታውን ሰቆጣ ላድርገው አለች። «የውርጌሳ ሰው ወልድያ የሌለ መሰለሽ? ‹ያልበላ ይናገር› ስትይ ያውቀዋል» አላት። በሬውን ግመል ላድርገው አለች። «ግመልም ብታደርጊው የሚበላው ሰው ያው ነው።» ቆዳ ነጋዴውን ላውጣው አለች። ይሄን ግን ራሷ መልሳ ተወችው። ቆዳ ነጋዴው ከወጣ ታሪክ የለም፤ እኔም ይሄ ይገባኛል።

«እሺ፣ አያ አብዱልሐሊም ዘንድ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሳልነግረው አላነበውም። አብረውኝ ይምጡ፣ እማማ።»

በገበያው ቀን ሄድን። የመርሳ ከብት ገበያ አቧራ ነው፤ በሬና ሰው ተቀላቅሎ ይጮሃል። አብዱልሐሊምን ስናገኘው የሁለት በሬ ገመድ በእጁ ይዞ ቆሟል። ገበሬው የለም። ገመዱን ለአብዱልሐሊም ሰጥቶ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ሌሎች ሻጮች ገመዳቸውን በእጃቸው ጠምጥመው፣ ደላላ ሲነካው ሲነጥቁ አያለሁ። ከእሱ እጅ እንደዚያ የሚነጥቅ ግን አላየሁም።

ገበሬው ተመልሶ ገመዱን ሲቀበል፣ አብዱልሐሊም ወደ እኛ መጣና ሰላም አለኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ጅዳ ስላለችው ልጄ ጠየቀኝ። ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ኢብቲሳም ወረቀቱን አላወጣችም። በቃሏ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። አላቋረጣትም። በዱላው ጫፍ መሬቱን ይጭር ነበር።

ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ቆዳውን ማን አወጣው አልሽ?» ብሎ ነው።

«ፖሊስ።»

«አይ። ራሱ ነው ያወጣው። ማሩ ተናግሮ እንደተቀመጠ አባቴ ተነስቶ ሄደ። ዶማ አልያዘም። በእጁ ቆፍሮ፣ ተሸክሞ አመጣና ዋርካው ሥር ዘረጋው። እኔ አይቻለሁ። በሰደቃው ቀን ሥጋውንም በልቻለሁ፤ ጠግቤ።»

ኢብቲሳም እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ባለቤቱስ? ባንቺ ታሪክ ከሰሰ?»

«ከሰሰ። አሳሰረው።»

«ሚስባህ ይባላል ባለቤቱ። አልከሰሰም። ‹ቤቱ ገብቼ በልቻለሁ፣ ለእናቱም ዱዓ አድርጌያለሁ፤ የወጣ ዱዓዬን አልመልስም› አለ። አበጋሩ ‹ታዲያ ካሣህ ምንድነው?› አለው። ሚስባህ ቆዳውን አነሳና ለአባቴ መልሶ ሰጠው። ‹ስገድበት› አለው። ይሄው ነው።»

«ሰገደበት?»

«እስኪሞት። በቀን አምስት ጊዜ የሰው በሬ ላይ ግንባሩን ይደፋ ነበር።» ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ቆዳው አሁን እኔ ዘንድ ነው። እኔ አልሰግድበትም፣ ለኔ አልተሰጠም። አልጣልኩትም።»

ከገበያው በኩል ሰው ስሙን ጠራ። ቀና ብሎ «መጣሁ!» አለና ወደ ኢብቲሳም ዞረ።

«ልጄ፣ አታንብቢው አልልሽም። የተማርሽ ነሽ። ግን ያንን ገበሬ አይተሽዋል። ገመዱን ሰጥቶኝ ሻይ ይጠጣል። የኔ ሥራ እሱ ነው፤ ሌላ አላውቅም። አባቴ በሬ ሰራቂ እንደነበር ሲሰማ፣ ክፉ አይናገረኝም። ገመዱን ግን አይለቅልኝም።»

ተነስቶ ሄደ። ኢብቲሳም ገበያው ውስጥ እስኪገባ በዓይኗ ተከተለችው። እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቅ ሰው ምክር መስጠት ይወዳል፤ እኔ ግን ፊቷን ሳየው ውሳኔው እዚያ ነበር። በመንገድ ላይ ማንጎ ገዛችልኝ፤ ለራሷ አልገዛችም።

የወልድያው ቀን መንገዱ ክፍት ነበርና በሚኒባስ ሄድን። «በስልክ ንገሪው» ብላት «እሱ በስልክ ሲነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ፊት ለፊት ነው የምነግረው» አለችኝ። አዳራሹ በር ላይ መምህር ልዑል በደስታ ተቀበለን። ታሪኳን እንደማታነብ፣ በመጽሐፉም እንዳይገባ ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሀሳቡ ከኔ በፊት የነበረ ሆኖ አገኘሁት።»

«ውይ ኢብቲሳም! ያልተጻፈ ሀሳብ የት አለና? ሁሉም ተጽፏል እኮ። ትንሽ ቀይሪውና አንብቢ።»

«በሬውን ልቀይር ሞክሬ ነበር። ገመዱ አልቀየር አለኝ።»

«የምን ገመድ?»

መልስ አልሰጠችውም። ብትመልስ የአብዱልሐሊም ስም ሊወጣ ነው። ልዑልም «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ገባ። በእሷ ፋንታ ብሩክ የሚባል ጎበዝ ልጅ የራሱን ታሪክ አነበበ። እኛ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን የነበሩ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ዓይኔ ደክሟል፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው።

«የመርሳዋ ልጅ ለምን ቀረች?»

«ከሌላ ሰው ቀድታ ኖሯል። ራሷ አመነች አሉ።»

ኢብቲሳምም ሰምታለች። ዘወር ብላ «አልቀዳሁም» ልትል ትችል ነበር። አላለችም። ብሩክ ሲጨርስ ከሰው ሁሉ ጋር አጨበጨበች፤ እንዲያውም ከሰው በላይ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መርሳ ገባ። ሱቋ የሚመጡ ሰዎች «ያ መጽሐፍሽ እንዴት ሆነ?» ይሏታል፤ «ቀረ» ትላለች። አንዱማ እየሳቀ፣ «ማመልከቻዬንም ከሰው እንዳትቀጂብኝ» አላት። እሷም ስቃ ጻፈችለት። ቤት ገብታ ግን መጻፊያ ወንበሯ ላይ አትቀመጥም ነበር። የታጠበ ልብስ ትቆልልበት ጀመር። እኔ ልብሱን አነሳለሁ፤ ማታ ተመልሶ እዚያው ነው።

ይሄን ሁሉ ለብርሃኑ በአጥሩ ላይ ነገርኩት። ለአብዱልሐሊም እንዲነግረው ብዬ አልነበረም። ብርሃኑ ግን ሆዱ ነገር አይዝም።

በቀጣዩ ገበያ አብዱልሐሊም ምን እንዳደረገ የሰማነው ከብርሃኑ ነው፤ የሚጠግነውን መኪና ጥሎ እየሮጠ መጣ። ኢብቲሳም ቤት ነበረች።

«ተናገረ!» አለ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ከብት ገበያው መሀል፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ! ያንን ቆዳ ተሸክሞ መጣ። መሬት ላይ ዘረጋው።»

«የትኛውን ቆዳ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«የዳለቻውን! ‹ይሄ የሚስባህ በሬ ነው› አለ። ‹አባቴ ሰርቆ አርዶታል፣ እኔም በልቼዋለሁ። የሐጂ ሙስዐብ ልጅ፣ ከፍርድ ቤቱ ሥር የምትጽፈዋ፣ ይሄን ደብቃልኝ ቀጂ ተብላለች። እሷ ከማንም አልቀዳችም። ገመዱን የሚወስድብኝ አሁኑኑ ይውሰድ› አለ።»

ሐጂ ሙስዐብ ባለቤቴ ነበር፣ አላህ ይማረው። የልጅ ልጅ ለማለት ቸኩሎ ነው። ኢብቲሳም ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ወሰዱበት?» አለች።

«አንዱ ወሰደ። ወዲያው። ሌላውም ተከተለ።» ብርሃኑ ላቡን ጠረገ። «አንድ የሲሪንቃ ሽማግሌ ግን ላሙን እየጎተተ መጣና ገመዱን እጁ ላይ አኖረለት። ‹የማላውቀውን ደላላ ከምይዝ ቆዳውን ያወጣውን እይዛለሁ› ብሎ ሻይ ሊጠጣ ገባ።»

ኢብቲሳም ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት፤ ጉልበቴ ግን በሩ ላይ አስቀረኝ። ምን እንደተባባሉ ያወቅሁት ስትመለስ ነው። አብዱልሐሊም አፍሮ ነበር፤ ለራሱ ሳይሆን ለእሷ። «ባንቺ ላይ የተጣለው የኛ ቤት ነውር ነው፤ አንቺ ላይ ሆኖ ማየት አቃተኝ» አላት። «አባቴ ዶማ ሳይዝ ቆፍሮ አውጥቶታል። እኔ ተሸክሜ ብመጣ ምን ይከብዳል?» አላት። ደግሞም፣ «አሁን አንብቢው፤ ፖሊሱን ግን አውጪልኝ» አላት።

ዛሬ አብዱልሐሊም ዘንድ የሚመጡት ሻጮች ከበፊቱ ያነሱ ናቸው። የቀሩበት ቀርተውበታል፤ የተመለሱም አሉ። ሥራውን አልተወም። በገበያ ቀን ሳልፍ እጁን አያለሁ፤ ገመድ ካለ ደስ ይለኛል።

መምህር ልዑልም ነገሩን ሰምቶ ደወለ። መጽሐፉ ገና አልታተመም፣ ታሪክሽን መልሺው አላት። አመሰገነችውና እምቢ አለችው። ምክንያቷን ለእኔ ነገረችኝ።

«እማማ፣ እኔ የማውቀው ሌባን እስከ መጨረሻው መደበቅ ነው። ይሄኛው ደግሞ ሁሉም ሰው ራሱ የሚናገርበት ነው። የኔ አይደለም። አንቱ ይጻፉት።»

«እኔ? ፊደሌ እንደ ዶሮ ጭረት ሆኖ?»

«እኔ አስተካክዬ አትመዋለሁ። ሥራዬ አይደል?»

እኔም አብዱልሐሊምን አስጠርቼ ጠየቅሁት። «ይጻፉት፣ ስሜንም ይጻፉት፤ ካሁን ወዲያ ምን ይደብቃል?» አለኝ። ስለዚህ ይሄው ጻፍኩት፤ እንደሆነው፣ ሌባውን ሳልደብቅ።

ልብሱ ከወንበሩ ላይ የተነሳው ይሄን ስጽፍ ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «ይሄን ቃል እንዴት ነው የጻፉት?» እያለች ስትስቅብኝ ቆየችና፣ አንድ ቀን የራሷን ወረቀት ይዛ መጣች። ከንፈሯን ነከሰች። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

ትናንት ጠዋት የጨረሰችውን ሰጠችኝ። ስለ አንድ ባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነው፤ ሌላውን አልናገርባትም። መነጽሬን አድርጌ ከጥላው ልቀመጥ ስል እጄን ያዘችኝ።

«እዚያ አይደለም። አጥሩ ሥር ይቀመጡ።»

«ለምን?»

«ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። የሠራው ሰው ካለ አሁን ይታወቅልኝ።»

ተቀመጥኩ። ጣቴን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረግሁ። ከማዶ ብርሃኑ የአንድ ሚኒባስ በር ይቀጠቅጣል። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ኢብቲሳም በሩ ላይ ተደግፋ የምትሰማው እኔን አይደለም፤ መዶሻውን ነው። ዘበኛው ሲጠፋ መዶሻው አልቆመም። ፋኖሱ ሲገኝም አልቆመም። ወረቀቱን ገልብጬ ቀጠልኩ፤ እሱም ይቀጠቅጣል። ሁለተኛው ሰው በጨለማው ውስጥ ሲመጣ ጉሮሮዬ ደርቆ ውኃ ልጠጣ አቋረጥኩ።

መዶሻው ያን ጊዜ ቆመ። የኢብቲሳም ፊት ተለዋወጠ።

የብርሃኑ ጭንቅላት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምን ሆነው ነው የቆሙት?» አለ፤ ተቆጥቷል። «ከዚያስ?»